ወደ ላይ የሄደ ቋንጣ

በፈረንጆቹ 2019 ነው። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ከሴት ልጄ ጋር አንድ አፓርታማ ታችኛው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። በመሃል ያለውን ቀን እንዴት እንደምገፋው የማውቀው እኔና ፈጣሪዬ ነን። መቀመጥ አይሆንልኝም። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ያ መቀመጥ አይባልም፣ አገሩ በመስኮት በኩል ይሮጣል። እዚህ ሶፋው አይሄድ፣ መስኮቱ አይሄድ። እነሣለሁ፣ በሩ መቆለፉን አያለሁ፣ ፍሪጅ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ በረንዳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ።

ከበላያችን አንዲት ያገራችን ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የሚያጣላን ልጇ ነው።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሲታ፣ ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ ፕላስተር የማይጠፋ። አማርኛው እንደ ጥርሱ ነው፤ መሃል መሃሉ ወልቋል፣ ባዶውን በእንግሊዝኛ ይደፍነዋል። እኔን አባባ ብሎ ይጀምርና አንተ ብሎ ይጨርሳል።

«አባባ፣ አንተ ለምን ሁልጊዜ ማድ ነህ?»

«አንቱ በል!»

«ኦኬ። አንቱ ለምን ሁልጊዜ ማድ ነህ?»

የበሬን ደወል ይጫንና ይሮጣል። እኔ በዚህ ጉልበቴ ተነሥቼ እስክከፍት ማንም የለም። ልጄ ደወሉ ላይ ካሜራ አስገባች። ከዚያ በኋላ ምላሱን እያወጣ በካሜራው ለልጄ ሆስፒታል ድረስ ሰላምታ ይልክላት ጀመር። እሱ ላይኛው ቤት ሲዘል እኔ ታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እደበድባለሁ። እሱም መልሶ ይደበድባል። ሆኖም ጨርሼ ልጣላው አልችልም፤ በፖስታ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛማ ከየት ይመጣል።

የአፓርታማው ቢሮ ለእናቱ ሁለት ማስጠንቀቂያ በሯ ላይ ለጥፎባታል። አንደኛው ልጁ የገበያ ጋሪ እየገፋ የግቢው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ስለከተተ ነው። ሁለተኛው የእሳት ማጥፊያውን ደረጃው ላይ ነፍቶ ሰፈሩን በረዶ የጣለበት ስላስመሰለ ነው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ጣቱን እያሳየ።

«አባባ፣ ሁለት ስትራይክ አለብን። ሦስት ከሆነ ሊዛችንን አያድሱም። ማሚ ሌላ ቤት አላገኝም አለች፤ ክሬዲቷ ባድ ነው።»

«እንግዲያስ አርፈህ ተቀመጥ!» አልኩት። እኔ ራሴ አርፌ መቀመጥ የማላውቀው ሰውዬ።

ፋሲካ አልፎ ነው እንግዲህ። አንድ አሥር የምንሆን ሰዎች ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በሬ ገዝተን ቅርጫ ገብተን ነበር። የደረሰኝን ሥጋ ልጄ ፍሪዘር ውስጥ ልትከት ስትል፣ «ተይው! ይህን የመሰለ የቴክሳስ ፀሐይ እያለ» አልኳት። ዘልዝዬ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቼ፣ በረንዳው ላይ ገመድ ወጥሬ ሰቀልኩት። ፀሐይ እንዲያገኘው ገመዱን ወደ ጠርዙ ወጣ አድርጌ አሰርኩት። ስህተቴ እሱ ነበር፤ ፀሐይ ብቻ አላገኘውም።

በሁለተኛው ቀን ገመዱ ላይ ክፍት ክፍት ቦታ አየሁ። ወፍ ነው አልኩ። እዚህ አገር ጭራቸው የረዘመ ጥቁር ወፎች አሉ፤ ዓይናቸው የሌባ ነው። መጥረጊያዬን ይዤ ዘብ ቆምኩ። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ሌላ ቦታ ክፍት ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ውሾች መጡ። ጌቶቻቸውን እየጎተቱ ከየሕንፃው ይመጡና በረንዳዬ ፊት ቆመው ሽቅብ ያያሉ። አንድ ግዙፍ ቀይ ውሻ አለ፤ ጌታው ጡረታ የወጣ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ሰውየው በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ውሻው ከነከዘራው ጎትቶ ያመጣዋል። ሽቅብ ካዩ በኋላ ሁሉም ሮጠው መዋኛው ዳር ሄደው ውኃ ይጠጣሉ፣ ምላሳቸው እስኪንጠለጠል። ምን ነካቸው አልኩ። በርበሬው መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ቅዳሜ ጠዋት ወንበር አልፈልግም ብዬ መጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም። ድንገት አንዱ ዝልዝል ቋንጣ ተንቀሳቀሰ። ከገመዱ ተላቀቀ። ቀስ ብሎ፣ ዞር ዞር እያለ፣ ወደ ላይ ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ አማተብኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ሳይ ክር አየሁ፤ በክሩ ጫፍ መንጠቆ። ወጥቼ ቀና ስል ከላይ በረንዳ የመጫወቻ ዓሣ ማጥመጃ ከያዘው ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ቋንጣው በመካከላችን ይወዛወዛል።

«ሃይ አባባ» አለኝ።

«ውረድ።»

ወረደ። ለውሾቹ ነው የሚሰጠው። አንዲት ቁራጭ እንኳ ራሱ አልበላም፤ ያቃጥላል አለኝ። በዚህ የባሰ ተናደድኩ። የፋሲካ ሥጋዬን ሰርቆ ለውሻ! ደሜ ፈላ።

«እንሂድ» አልኩት።

«የት?»

«ቢሮ።»

ፊቱ ተለወጠ። «አባባ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል? ሁለት አለብን።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ይሆናል።»

«ይሁን!»

«ማን ይተረጉምልሃል?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ስለ እኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ? ደግሞ አንዲት ቃል ብትዋሽ አውቅብሃለሁ።» ምን አውቄ! የእኔ እንግሊዝኛ ታንኪውና ኖ ፕሮብሌም ነው።

ቢሮው ውስጥ ጥፍሯ የረዘመ ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ወንበር አሳየችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ነገሩን ከቅርጫው ጀምሬ ተናገርኩ። ልጁ ይተረጉማል፣ ሴትዮዋ ትጽፋለች። እኔ አፉን አፉን አያለሁ። ይሄኔ «ሰውየው ቧንቧው ተበላሽቶበት ነው» እያለ ይሆናል ብዬ በልቤ እጠረጥራለሁ። መሃል ላይ ሴትዮዋ መጻፏን አቆመችና አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ምን አለችህ?»

«‹ልጁ ማነው?› አለች። ‹ሚ› አልኳት።»

ሴትዮዋ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና እሱን። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። እሱም እንደ ፖስታ እንደሚያነብልኝ አድርጎ፣ ድምፁ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ ነገረኝ።

«ማኔጀሯ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። ከዚያ ሳይን ታደርጋለች። ሦስተኛ ስለሆነ ሊዛችን አይታደስም። ሌላ የምትለው ነገር አለ ወይ ትላለች።»

«የለኝም» አልኩ።

ስንመለስ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ሲዘል ነበር የማውቀው።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጮኸችብኝ። «አባዬ፣ በቋንጣ ሰው ከቤቱ ይወጣል?»

«በቋንጣ አይደለም፣ በስርቆት ነው።»

«ዘጠኝ ዓመቱ እኮ ነው!»

«እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ብሰርቅ አባቴ እጄን ነበር የሚቆርጠው።» ውሸቴን ነው። ሰርቄ አውቃለሁ፣ እጄም ይኸው አለ። ግን አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ የተናገርኩትን አልመልስም። እንዲህ ነኝ፤ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ስትማረር ነው የኖረችው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ቂም ይዞ የቆመ ሰው ጸሎቱ ከጣሪያ አያልፍም ይባላል፤ ሄጄ ምን ላደርግ? ልጄ ብቻዋን ሄደች። እኔ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት በረንዳ። የቀረውን ቋንጣ አወረድኩት። እንደገና ሰቀልኩት። ከላይ ኮቴ የለም። ያ እንደ ፈረስ ሲጋልብብኝ የከረመ ልጅ ድምፁ ጠፋ። መጥረጊያውን አንሥቼ ጣሪያውን መታሁት። ዝም። እንደገና መታሁት፣ ጠንከር አድርጌ። ዝም። ወጥቼ መኪና ማቆሚያውን አራት ጊዜ ዞርኩት። በፀሐዩ ራሴ ነደደ። ለምን ልዋሽ፣ የሚያናድደኝ ስርቆቱ መሆኑ ቀርቶ «ሚ» ያለው ሆኖ ነበር። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ አርፌ እተኛ ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ስከፍት ማንም አልሮጠም።

በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ከማዶው ሕንፃ ያሉት የበርማ ሽማግሌ፣ ሽርጥ ያገለደሙ። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ በበረዶ ሣጥን ምግብ እየያዙ የሚሸጡት ሜክሲኳዊቷ አሮጊት። ሦስተኛው ባለ ከዘራው አሜሪካዊ፣ ከነቀይ ውሻው። ከፊታቸው ልጁ፣ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ሽማግሌ ናቸው» አለኝ። «ማሚ በስልክ ስታለቅስ ሰማሁ። ‹አገራችን ቢሆን ሽማግሌ እልክ ነበር፣ እዚህ ማን አለኝ› አለች። ሶ፣ እኔ አመጣሁ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥኩት። «ቁጭ በሉ» አልኩና ሶፋውን አሳየኋቸው። ልጁ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው።

«ኖ! ማሚን ጠየቅኳት። ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም።»

ስንት ጊዜ በሰው ደጅ ቆሜያለሁ፤ ሚስት የሸሸችበትን፣ ወንድም የተጣላውን ላስታርቅ። ሽማግሌ አቁሞ ባዶ እጁን የሰደደ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ግን እልኸኛ ነኝ።

«ለምን እንደመጡ ያውቃሉ?» አልኩት። «ምን ብለህ ነው ያመጣሃቸው?»

«ለአባባ በርማ ‹ጎረቤቴ አዝኗል፣ ና› አልኩት። ለአቡዌላ» ወደ አሮጊቷ ጠቆመ፣ «ምግብ አለ አልኳት።» ወደ አሜሪካዊው ዞረ። «ለእሱ ትሩውን ነገርኩት። ውሻው ስለበላ።»

አሜሪካዊው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ። ውሻው በረንዳውን ያሸታል። አሮጊቷ ደከማቸውና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ልጁ ደነገጠ፤ ክንዳቸውን ይዞ በስፓኒሽ እየለመነ ሊያስነሣቸው ይጎትታል። እሳቸውም በእጃቸው ያባርሩታል። የበርማው ሽማግሌ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«አንተ» አልኩት፣ «ትናንት ቢሮ ለምን አልዋሸህም? እኔ አላውቅብህም ነበር እኮ።»

«ስለማታውቅ ነዋ! አንተ ኢንግሊሽ አትችልም። ብዋሽ ቺቲንግ ነው።»

«ቋንጣዬን ስትሰርቅስ?»

አሰበበት። «እሱ መስረቅ ነው። ቺቲንግ አይደለም።»

ከዚህ ልጅ ጋር ምን ክርክር አለ። እንባው መጥቶ ዓይኑ ጠርዝ ላይ ቆሟል፣ ግን አልወረደም፤ እሱም እንደ እኔ እልኸኛ ነው። «አባባ፣ እሺ በል» አለኝ። «ፕሊስ። የአባባ በርማ እግር ያመዋል።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ ምን?»

«ይቅር ብያለሁ! ይቀመጡ በላቸው፣ ሰውየው ሊወድቁ ነው።»

በሦስት ቋንቋ ጮኸ። የቀረውን ቋንጣ በሙሉ አውርጄ ጠበስኩላቸው። አሮጊቷ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እኔ ስመላለስ ነው ያመሸሁት፤ ይቅርታው የአፍ ነው፣ ወረቀቱ ግን ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የምትፈርም ሴት አለች።

በነጋታው ልጁ የትምህርት ቤቱን ባስ ሊጠብቅ ሲወርድ እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። እናቱ በሌሊት ሥራ ሄዳለች፤ አላስፈቀድኳትም። ባሱ መጣ። የሸሚዙን ኮሌታ ያዝኩት።

«አባባ፣ ባሴ!»

«ይሂድ። ዛሬ ሥራ አለህ።»

ባሱ ሄደ። ቢሮው እስኪከፈት ከአንድ ሰዓት በላይ መዋኛውን እየዞርን ጠበቅን፤ እሱ ሲደክመው ቁጭ ይላል፣ እኔ እዞራለሁ። ማኔጀሯ ቁልፏን ሳታወጣ በሩ ላይ ደረስኩባት። «ክሴን አንሥቻለሁ በላት» አልኩት። ነገራት። ብዙ ጠየቀችው፣ ብዙ መለሰ፤ እኔ አፉን ማየቱን ተውኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣችና ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመረችበት። ሌላ ወረቀት ደግሞ ፊቴ አስቀመጠች። ክሴን ማንሣቴን የሚል ነው፤ ልጁ ጣቱን እያስኬደ አነበበልኝ። በአማርኛ ፈረምኩ። ከዚያ ልጁን ይዤ በእግር ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኩት።