ፀሐይን የት ይሸሽጓታል?

ሳን ሆዜ ልጄ ቤት ደርሼ በሩ ሲከፈት የአዲስ ቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ልጄ ሰላም ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አምና የመጀመሪያ ፅንሷን በሰባት ወሯ ስላጣች፣ እኔ ኦክላንድ ሆኜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ባሏ ዳንካን የሕፃኗን ክፍል ቢጫ ቀብቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከእንጨት የተቆረጡ ትልልቅ ፊደሎች ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ስም ነው። ያልተወለደች ልጅ ስም።

ዘሮቹ ከስኮትላንድ ናቸውና ስሙም ከዚያው ነው። ሰላም በስልክ እያነበበች ስታስመርጠኝ ከርማለች፤ አይላ ደሴት ማለት ነው፣ ፊዮና ነጭ፣ ግሪር ነቅታ የምትጠብቅ፣ ኬና ከእሳት የተወለደች፣ ኤይሊ ደግሞ ፀሐይ። እኔም ለወሬ መስሎኝ «ሁሉም ያምራል» እያልኩ አልፌያለሁ። አሁን ኤይሊ የሚለው ግድግዳ ሙሉ ተጽፎ ሳይ ብርድ ብርድ አለኝ። ፀሐይ ብለው የሰየሟትን ልጅ ከምን ጀርባ ይሸሽጓታል?

የኔ ስም አመዴ ነው። ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ እናቴ ከኔ በፊት ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ሾተላይ ነው ይሉ ነበር፤ የሕፃን ስም ሰምቶ የሚመጣ ነገር። ስለዚህ እኔ ስወለድ እልል ያለ የለም፤ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮ አመድ መድፊያው ዳር አስቀመጠችኝና ዞራ ሳታይ ገባች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡም እንደ መንገደኛ ብቅ ብለው «ኸረ ይሄን አመድ ማን ጣለው?» እያሉ አነሱኝ፣ ከዚያም ለገዛ እናቴ በአንድ ቁና ማሽላ መልሰው ሸጡኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ እንዳላወቀ ይሆናል። እትዬ ዘነቡ ካደግኩ በኋላም ባገኙኝ ቁጥር ቆሎ እጄ ላይ እያፈሰሱ «ወይኔ፣ በርካሽ ሸጥኩሽ!» ይሉኝ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ቆንጆ ብላኝ አታውቅም። እንግዳ መጥቶ ዓይኗ ሲያምር ካለ «ምኗ ያምራል፣ አመድ!» ትልና ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ እኔ ታዲያ ከምድጃው ኋላ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ትምህርት ቤት ስሜ በተጠራ ቁጥር ልጆቹ «አመዴ ቡን!» ብለው ይንጫጫሉ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ለከብት ጥበቃ ነው እላለሁ እንጂ ግማሹ በነሱ ነው።

ነገሩ የገባኝ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ነው። ሰውነቴ እየነደደ፣ እናቴ ግንባሬ ላይ የቀባችው እርጥብ አመድ እየሸተተኝ፣ ቀኑ እንደ ማታ ጨልሞብኝ ተኝቼ ሳለሁ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ አመድ ብቻ ነው ያለው!» አለች። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዘነቡ «አዎ፣ አመድ ብቻ ነው!» ብለው አጸኑላት፤ ከሳቸው ወዲያ ሌላዋ፣ ከሷ ወዲያ ሌላዋ። ያን ቀን እናቴ ለኔ ስትፈራ አየኋት።

ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ሾተላይ የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ፓስተራችን ቢሰማኝ እጁን ጭኖ ይጸልይልኝ ነበር። ግን ፍርሃት ቸርች አይሄድም።

«ልጄ፣ ከነዚያ ስሞች መሃል አመድ፣ ጉድፍ፣ ምናምን የሚል የለም?» አልኳት።

«ዋት? ማም፣ ዋይ?»

«እዚያ ስኮትላንድ ልጅ የሞተባት እናት የለችም እንዴ?»

ሰላም ሆዷን ያዘች። ከዚያ ለባሏ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ዳንካን መሰላሉ ላይ እንዳለ ዝግ ብሎ የተናገረውን እሷ ተረጎመችልኝ፤ አያቱ ልጅ ሳይወለድ የሕፃን ጋሪ ቤት አታስገባም፣ ሳይጠመቅም ስሙን አታስጠራም ነበር፣ እነሱም ይስቁባት ነበር አሉ። ይህን ብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ጋራዥ ወሰዳቸው። አማቼን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ኦኬ፣ እስክትወለድ ታዲያ ዋት ዱ ዊ ኮል ኸር?» አለች ሰላም።

«አመዴ በያት።»

እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «አ-መ-ዴ» አለች፤ እንባዋ መጣና እሱ ወዳለበት ሄደች።

ብቻዬን ስቀር ግድግዳውን አየሁት። ፊደሎቹ ሲነቀሉ ቢጫውን ልጠው ነጩን አውጥተውታል፤ ስሙ እንደ ጠባሳ ሆኖ አሁንም ይነበባል። አመድ ልቀባው ብል በዚህ ቤት አመድ ከየት ይመጣል? ምድጃው ኤሌክትሪክ ነው። ጀርባዬን ለጥፌ የቻልኩትን ያህል ጋረድኩትና፣ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ «እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ አመድ ብቻ ነው ያለው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ከአጥሩ ማዶ የሚያጸናልኝ አልነበረም።