ጎረቤቴ ኑዋንና ጨረቃ የተበላችበት ምሽት

ጎረቤቴ ኑዋን የዶሮዎቿን እንቁላል ማታ ትቆጥራለች፤ ጠዋት ደግሞ ትደግማለች። የተብላላ ዓሣ ያለበት ማሰሮዋ ክዳን ላይ ክር ታስራለች፤ ክሩ ከላላ የመንደሩ ሰው በሙሉ ሌባ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው ቋንቋዋ። እዚህ ሜኮንግ ወንዝ ዳር ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር እኔንም አንድ ቀን አምናኝ አታውቅም። ፎቶ አንሺ ስለሆንኩ ሰው በስውር የማይ ይመስላታል። እኔ የማነሳው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና የሚመነኩሱ ልጆችን ነው።

ዘንድሮ ጥርጣሬዋ ምራቷ ላይ ዐረፈ። ልጇ ቡንተም ደቡብ ወርዶ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ይሠራል። ለአዲስ ዓመቱ የውሃ በዓል መጥቶ፣ ሁለት ሳምንት ከርሞ ከተመለሰ ሦስት ወር ሆነው። ቤት ያሉት ኑዋንና ምራቷ ራትሪ ብቻ ናቸው።

ጨረቃ ትጋረዳለች በተባለበት ቀን፣ ካሜራዬን ስወለውል ኑዋን በአጥሩ ብቅ አለች።

«ልትኮበልል ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ይለኛል! ራትሪ ናታ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ ትሄዳለች። ዓሣውን ስከፍት አፍንጫዋን ይዛ ትወጣለች፤ የገጠር ምግብ ሸተታት! የሩዝ ጆንያም አላነሳም ብላለች። ከሚስትህ ጋር ሲንሾካሾኩ ነው የሚውሉት። አንተም ሳታውቅ አትቀርም።»

«እኔ የማውቀው ጨረቃዋ የምትያዝበትን ሰዓት ነው።»

«አትቀልድ፣ ዊቺት።» ድምጿ ድንገት ወረደ። «እሷ ከሄደች ልጄ ምን ብሎ እዚህ ቤት ይመለሳል? ብቻዬን መቅረቴ ነው።»

አሳዘነችኝ። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ያለችውን አልረሳሁም። የራትሪ ሁለተኛ ፅንስ በወረደ ሳምንት፣ ገዳሙ ግቢ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ልጄን ለተሸነቆረ እንስራ ዳርኩት» ብላ ነበር። ራትሪ አጠገባችን ሳህን ታጥብ ነበር። ቀና አላለችም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ግቢ ተሰበሰበ፤ ሰማዩ ገላጣ የሚሆነው ከኛ ዘንድ ነው። ሚስቴ ፕራዮንግ ጨረቃን ይውጣል ለሚባለው ጭራቅ፣ ለራሁ፣ ጥቁር ጥቁሩን ምግብ ደረደረች፤ ጥቁር ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ ጥቁር ዶሮ። የጨረቃዋ ጠርዝ መነከስ ሲጀምር፣ ራሁ ደንግጦ እንዲተፋት ድስቱና ባልዲው ይደበደብ ጀመር። የካሜራዬ ማቆሚያ ሦስቱም እግሩ ተንቀጠቀጠ። «ኧረ ቀስ በሉ! እሱ ባይውጣት እናንተ ልታወርዷት ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ አሥራ ሁለቱም ድብስብስ ያለ ወጣ።

ኑዋን ድስት አልያዘችም። ዓይኗ ራትሪ ላይ ነው። ራትሪ በዚያ ወበቅ ሰፊ ሻርፕ ተከናንባ፣ ከፕራዮንግ ጎን አቀርቅራ ድስት ትመታለች።

«አየሃት?» አለችኝ ኑዋን በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ አላየችም። መንገድ መንገዱን ነው የምታየው። የሚወስዳት ሰው እየመጣ ነው።»

ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ ቀላች። «ከነጨረቃዋ አንሳን!» አሉኝ። አሰለፍኳቸውና «ድስታችሁን ወደ ላይ!» አልኩ። ብልጭታው በራ። ለአንድ አፍታ ሁሉም ዝም ስላለ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ።

ኑዋን እየተጋፋች መጣች። «ከጀርባዋ ሰው ቆሟል፤ አይቻለሁ። አጉላው!»

አጎላሁት። ማንም አልነበረም። ራትሪ ድስቷን ስታነሳ ሻርፑ ተገልጦ፣ ሸሚዟ ላይ፣ እምብርቷ አካባቢ፣ አንዲት መርፌ ቁልፍ ታበራለች።

እኛ ዘንድ ጨረቃ ስትበላ ሆዷ ላይ መርፌ ቁልፍ የምትሰካው ነፍሰ ጡር ብቻ ናት፤ ራሁ ልጇን እንዳይነካባት። ሰማዩንም ማየት የለባትም። ወደ ፕራዮንግ ዞርኩ። ዓይኔን ሸሸችኝ። ለካ ማክሰኞ ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ነበር፤ ሹክሹክታውም ስለዚሁ።

ኑዋን ፎቶውን በመዳፏ ከለለችው።

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

«ማንም አላየም።»

«አጥፋው።»

«ኧረ ኑዋን! ዛሬ የተሳካልኝ እኮ እሱ ብቻ ነው!»

«አጥፋው አልኩህ።»

አጠፋሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሷ ወደ ራትሪ ሄዳ ድስቱን ከእጇ ወሰደች።

«አምጪው፤ ክንድሽ ይረፍ።»

ራትሪ ደንግጣ ሻርፗን ሰበሰበች። የታወቀባት መሆኑ ገብቷታል። «እማዬ፣ እስኪጸና ብዬ ነው...»

«ከራሁ ነው የደበቅሽው?»

ራትሪ መሬት መሬቱን አየች። «ከእርስዎ» አለች።

ኑዋን ድስቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«እንግዲያው እኔ ዛሬ ያየሁት ነገር የለም» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ልትነግሪኝ ስትወጂ ትነግሪኛለሽ። እጠብቃለሁ።»