የአዴዴ ምስክር

በኪሱሙ ከተማ ገበያ የደረቀ ዓሣ የምትቸረችረው አኪኒ፣ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የያዘች ሴት ናት። ያመነችው አንድ ሰው፣ አስተማሪው ባሏ፣ እሱም ተቀበረ። የቀረውን ሰው ሁሉ ትጠረጥራለች፤ ከሁሉ አብልጣ ግን የባሏን ታላቅ ወንድም ኦዴሮን።

ሟቹ ለአምስት ዓመት ልጃቸው ለአዴዴ የሕይወት መድን ገብቶላት ነበር። ኦዴሮም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ፣ «የአዴዴ እናት፣ ያ የመድኑ ወረቀት የት ነው?» ማለት አበዛ።

«ምን ያደርግልዎታል አያ ኦዴሮ? ይበላል እንዴ?»

ለጅብ ሥጋ አደራ አይሰጥም ብላ ወረቀቱን ከዓሣ ጆንያ ሥር ደበቀችው። ሲመቻት ከልጅቷ የልደት ወረቀት ጋር ብቻዋን ይዛው መድን ድርጅቱ ዘንድ ሄደች።

ጸሐፊዋ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ወረቀት በሁለት ጣት ያዘች። «እናቴ፣ መድኑ የተገባው ለአዴዴ ነው። የልደት ወረቀቱ ግን ሩት ይላል። ይቺ የማን ልጅ ናት?»

እውነቷን ነው። ሆስፒታል ሩት ተብላ ተጻፈች። ቤት ስትገባ ግን ሦስት ቀን አልቅሳ አላባራ አለች። እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌዎች የሞቱ ዘመዶችን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩላት፣ በቅድመ አያቷ ስም «አዴዴ» ሲባል ጸጥ አለች። በቃ፣ አዴዴ ሆነች። የልደት ወረቀቱን ማን አስታውሶት!

«ከአባቷ ወገን በስም አወጣጡ ላይ የነበረ ሰው መጥቶ ይማልልሽ» አለቻት ጸሐፊዋ።

ያን ዕለት ስሞቹን ሲጠራ የነበረው ኦዴሮ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አልቀዋል። አኪኒ ጥርሷን ነክሳ ሄዳ ለመነችው።

ሳያንገራግር መጣ። ይኼም አስጠረጠራት። ከማለ በኋላ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለጸሐፊዋ ሲሰጥ፣ «ይኸው፣ አልኩ አይደል!» ብላ ነጠቀችው። ገንዘቡ በአደራ ይቀመጥ፤ የትምህርት ክፍያው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይላክ፤ ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት አጎቷም ሆነ እናቷ እንዳይነኩት ይላል።

«እናቷም? እኔን ይጠረጥራሉ?»

«አንቺስ? ስንት ወር ሙሉ እንደ ሌባ ስታዪኝ አልከረምሽም?» አለ ኦዴሮ። «ወረቀቱን ስጠይቅሽ የነበረው ለዚህ ነው።»

አፈረች፤ ተናደደችም። ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። ለካ አዴዴ ከእሷ ሌላ የሚጠረጥርላት ሰው አላት። ሁለቴ አንብባ ፈረመች።