የኮንጋው ጫካ ባለቤት

ገበያነሽ መጀመሪያ ወረቀቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ታደርገዋለች፤ በታች፣ ከዚያ በጎን። ጫፉ እኩል መሆኑን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። ሃያ ሃያ ወረቀት እየለየች የወረቀት መብሻው ውስጥ ታስገባና እጀታውን አንዴ ብቻ ትጫናለች፤ ሁለቴ ከተጫኑት ወረቀቱ ይቀደዳል። የመጠረዣውን ፕላስቲክ ጥርስ ከፍታ ቀዳዳዎቹን ታስይዛለች። ከፊት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ከኋላ ሰማያዊ ካርቶን። ሦስት ደቂቃ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤቷ ይህን የጥረዛ ሥራ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ማሽኖቿን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ የማወራው ያየሁትን ነው።

ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ከኮንጋ የመጣች የቡና ገበሬ ልጅ ናት። ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ብታቆምም የምትተይበውን ሁሉ ታነባለች፤ እንግሊዝኛው ካልገባት ባለቤቱን አስቁማ ትጠይቃለች።

ባለፈው ግንቦት አንድ ሐሙስ፣ የማባዣውን ሆድ ከፍቼ የፈሰሰውን የቀለም ዱቄት፣ ቶነሩን፣ ስጠርግ፣ ሳምራ ገባች። ከወሎ፣ ከወረኢሉ የመጣች የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከእንግሊዝ ተሻግረው አሜሪካ የሰፈሩ ሰዎች የጻፏቸውን ማስታወሻዎች አንብባ የራሷን ስሜት በሁለት ገጽ እንድትጽፍ ታዛ ነበር። መምህሩ የጻፈችውን መልሰውባታል፤ በቀይ «ይህ ማጠቃለያ ነው። አንቺ የት ነሽ?» ብለው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተካክላ ካላስረከበች ኮርሱን መድገሟ ነው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለች ገበያነሽ።

«ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ አገሩ ባዶ ጫካ ነበር፤ አቅንተው እርሻ አደረጉት።»

«ባዶ ነው ያለሽ ማነው?»

«ራሳቸው ናቸዋ፣ እትዬ ገበያነሽ። ማስታወሻቸው ላይ አለ።»

«የክፍልሽን ልጅ የፍሬዘርን ጽሑፍ ስተይብ፣ በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ የአገሩ ሰዎች በቆሎ ሰጥተዋቸው ተረፉ ይላል። ባዶ ጫካ በቆሎ ያበቅላል እንዴ?»

ሳምራ ወረቀቷን ገልብጣ ቀዩን ጽሑፍ አየች።

«አንቺስ እዚህ ስትመጪ ምን አየሽ?»

ሳምራ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። «አይነገርም።»

«ተናገሪ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«አንደኛ ዓመት እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ከይርጋጨፌ ወደ ኮንጋ በእግር ወጣን። ዝናብ ያዘን። ዙሪያው ዛፍ ብቻ ነው። እኛ አገር እርሻ ማለት የታረሰ ሜዳ ነው፣ ድንበሩ ከሩቅ ይታያል። የማንም አይደለም ብዬ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ ጃንጥላ አደረግሁት። አንድ ሽማግሌ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ብለው፣ ‹ልጄ፣ ጓዳዬ ገብተሽ ነው የቆረጥሽው› አሉኝ። የጥላውን ዛፍ፣ ብርብራውን፣ አባታቸው እንደተከሉት፣ ከሥሩ ያለውን ቡና፣ ከቡናው ጎን ያለውን እንሰት አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከዚያ ቆጮ አበሉን።»

«ከኮንጋው ድልድይ በላይ የሚኖሩት? የፊት ጥርሳቸው የወለቀው?»

«አዎ።»

«አጎቴ ደግነት ናቸው። የማንም አይደለም ያልሽው ጫካ የእኛ ነው።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ቶነሩን በተንሁት። ገበያነሽ ወንበር ሳበች። «በይ እሱን ንገሪኝ፣ እተይባለሁ።»

«መምህሩ ቢስቁብኝስ?»

«እየሳቁም ማርክ ይሰጣል።»

ሳምራ ተናገረች፣ ገበያነሽ ተየበች። መጨረሻው ላይ እንዲህ አስጻፈች፦ «እኔም እንደ ሰፋሪዎቹ ባዶ ነው ብዬ ነበር። እኔ ግን ባለቤቱ ሲናገሩ ሰማሁ። እነሱ ግን በቆሎውን ከበሉ በኋላም ባዶ ብለው ጻፉ።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን ገጠምኩ፣ ሁለቱ ገጾች ወጡ፣ ገበያነሽ በግራ ጥግ አንድ ስቴፕል መታችበት፣ ሳምራ ሮጠች።

በሳምንቱ ተመለሰች። ወረቀቷ ላይ በቀዩ ብዕር «አሁን አገኘሁሽ» ተብሏል፤ ኮርሱንም አልፋለች። በእጇ አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ይዛለች። «ለአቶ ደግነት ስጪልኝ፣ ስለ ቅጠሉ።» ቅዳሜ ደረሳቸው።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ገበያነሽ ከመብሻው ቀና አለች። «አንባቢዎችህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለች። «ወደ ኮንጋ ስትወጡ ዝናብ ከያዛችሁ፣ ቅጠል ከመቁረጣችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ተጣሩ። ሰው አለ፣ ይመልስላችኋል።»