የባትሪው ውሃና የቦሌው ስልቻ

መጀመሪያ የታሰሩት ባትሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ከዚያ በኋላ ነኝ።

አዳማ፣ በኋላ ናዝሬት ያሏት፣ ያኔ የባቡር ጣቢያውና ዙሪያውን የተኮለኮሉ ጥቂት ቤቶች ነበረች። እኔ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያ ዓመት መኳንንቱ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ለሌላው ሲያደባ፣ አንድ ቀን ጠዋት መስመሩ ዝም አለ። ባትሪው አርጅቶ ነው። ሊሞት ነው ብዬ አስቀድሜ ለአለቆቼ ተናግሬአለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። መስመሩ ዝም ያለበት ቀን ግን አንድ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ወሬ የሚጠብቁበት ቀን ሆኖ ተገኘ። «ለወዲያኛው ወገን ብለህ መስመሩን ዘጋህ» ተባልኩ።

በአገራችን በግ የሰረቀ ሰው ሲያዝ በጉን አሸክመው ነው ዳኛ ፊት የሚያቀርቡት። እኔንም በዚያው ደንብ ከነዕቃዬ ወሰዱኝ። ባትሪዎቹ እርሳስና አሲድ የሞሉባቸው ከባድ ብርጭቆዎች ናቸው፣ በእንጨት ሣጥን ተደርድረው። «አታጋድሟቸው፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟቸው» አልኩ። ወታደሮቹ ሣጥኑን አህያ ላይ አጋድመው ጠፈሩትና በድንጋያማው መንገድ ነዱት። አንድ ቦታ አህያዋ ተንበረከከች፤ ብርጭቆ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ተናገርኩ። «አፍህን ዝጋ» አሉኝ፤ ዘጋሁ።

እስር ቤቱ ድሮ ቆዳ የሚከመርበት መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቀዳዳ ነው። ወለሉ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሃሉ ምሰሶ ያዘቀዝቃል። ምሰሶው ሥር አንድ ሽማግሌ ስልቻ አጠገብ ተቀምጠዋል። የቡልቡላ ሰው ናቸው፤ ከአብያታ ሐይቅ ዳር ቦሌ እየለቀሙ፣ ያን ከብት የሚልሰውን ነጭ አፈር፣ በየገበያው ይሸጣሉ። እሳቸውም እንደኔ ከነዕቃቸው ነው የታሰሩት። በቦሌው ውስጥ ለወዲያኛው ወገን ደብዳቤ ደብቀሃል ተብለዋል። የግቢው አዛዥ ባላምባራሱ ስልቻውን ከፍቶ እንደማየት አፉን በጠፍር አሰረውና ሰም አፍስሶ ማኅተሙን መታበት። የኔንም ሣጥን በገመድ አስሮ አተመው። ዳኛው ሳይመጣ ማንም እንዳይነካ ተባለ።

ከዚያ እኛን አቆራኙን። የኔን ቀኝ እግር ከሽማግሌው ግራ እግር ጋር በአንድ ሰንሰለት አሰሩና ሰንሰለቱን በምሰሶው አዞሩት። ብንቆምም ብንቀመጥም እግራችን ከምሰሶው አይርቅም።

ሽማግሌው አልተጨነቁም። «ረቡዕ ዳኛው ይመጣል» አሉኝ። «ስልቻውን ይፈታል፣ ቦሌ ያገኛል፣ እኔ ወደ ቤቴ። የልጄ ሠርግ ደርሷል። ማኅተሙ ካልተነካ እኔ ምን አለብኝ?» ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ስልቻው ላይ ስታርፍ፣ ሰሙ እንዳይቀልጥ የራሳቸውን ጥምጣም ፈተው ይከልሉት ነበር። አንዳንድ ሰው ልጁን እንኳ እንዲያ አይጠብቅም።

እሑድ ጠዋት ባላምባራሱ የክርስትና ድግስ ተጠርቶ ቁልፉን ይዞ ወደ ገጠር ወጣ። «አካም ቡልቴ» አሉኝ ሽማግሌው፤ ደኅና አደርኩ ልላቸው ስል ከእግር ብረቱ ሥር ማሳከክ ጀመረኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሣጥኑ ሥር ቀጭን ውሃ ወለሉን ተከትሎ ወደኛ ወርዷል። የጋቢዬን ጫፍ ሳነሳው እንደ ራሰ ወረቀት እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ማሳከኩ ወደ ማቃጠል ዞረ።

ዘበኛውን ተጣራሁ። በበሩ ስንጥቅ አንድ ዓይኑ ታየኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ባትሪው ተሰብሮ አሲድ እየፈሰሰ ነው። ሥጋ ይበላል። አውጣን።»

«ቁልፉ ባላምባራስ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያው ውሃና አመድ በበሩ ሥር አሳልፍልኝ። ከኩሽና አመድ አይጠፋም።»

«አመድ?» ትንሽ አሰበ። «ምን ልትደግምበት ነው?»

«ምንም አልደግምም። አመድ አሲዱን ያበርደዋል። ወለሉ ላይ ብቻ ነው የምበትነው።»

«ማኅተም ባለበት ቤት አመድ አስበትኜ እኔም አንተው ዘንድ ልታሰርልህ? ባላምባራስ ሲመጡ ለሳቸው ንገራቸው።»

ዓይኑ ከስንጥቁ ላይ ተነሳ። ስንት ዓመት ሆኖኝ፣ ያቺ «ምን ልትደግምበት ነው» ትዝ ስትለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንድ ቁና አመድ። ቤታቸው ጓሮ የሚደፉት አመድ።

ሽማግሌው የሁለታችንን የመጠጥ ውሃ ከነቅሉ አንስተው እግሬ ላይ አፈሰሱት። ለጊዜው ቀዘቀዘልኝ። ውሃው ግን አለቀ፣ አሲዱ መምጣቱን አላቆመም። አፈር ጭሬ ልገድበው ሞከርኩ፤ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ጥፍሬ ተላጠ እንጂ የወጣ አፈር የለም። አሲዱ የመጣው በኔ በኩል ነው። እሳቸው ዘንድ ገና አልደረሰም።

«አመድ ነው የፈለግከው?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ አባቴ።»

«ቦሌስ?»

ቦሌ ከአመድም ይሻላል። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ስልቻው ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር የቆየሁት።

«ይሆናል፤ ግን ይቅር» አልኳቸው። «ማኅተሙን ፈትተው ረቡዕ ለዳኛው ምን ሊሉት ነው? ባላምባራሱ እስኪመጣ እችለዋለሁ።»

«ድግስ ሄዶ በጊዜ የተመለሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉና እግሬን አዩት። ቆዳዬ ተነስቶ ነበር። «ተው እንጂ ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጥምጣሙን ከስልቻው ላይ አነሱት። ጠፍሩን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡት። ሰሙ ለሁለት ተሰብሮ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ አላመነቱም። ቦሌውን በሁለት እጃቸው እየዘገኑ ከፊት ለፊቴ ገደቡት። አሲዱ ሲነካው ተንጫጫ፣ ነጭ አረፋ ደፈቀ። «ቁጡ ውሃ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም እየተቀበልኩ ወደ ሣጥኑ አቅጣጫ በተንኩ። አረፋው ሲያልቅ እንደገና እንጨምራለን። ስልቻው ባዶ ሲሆን ወለሉ ነጭ ሆነ፣ ውሃውም ቆመ።

ሽማግሌው ስልቻውን ገልብጠው አራገፉት፤ ስፌቱን ሳይቀር እየዘረጉ አሳዩኝ።

«አየህ? ምንም የለበትም።»

«አየሁ።»

«እንግዲህ ምስክሬ አንተ ነህ» አሉ።

ባላምባራሱ ሲመለስ ቀኑ ገና አልመሸም ነበር፤ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። በሩን አስከፍቶ ገብቶ ቆመ።

«ማኅተሜን ማን ፈታ?»

ሁሉንም ነገርኩት። የአህያዋን መውደቅ፣ አመድ መለመኔን፣ እግሬን። የተበጣጠሰውን ጋቢዬን አሳየሁት። ዘበኛውን ጠየቀው። «አመድ ጠይቆኝ ከልክዬዋለሁ ጌታዬ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ደግ አደረግህ» ተባለ።

«ጌታዬ፣ ወለሉን ይዩልኝ» አልኩ። «በስልቻው የነበረው ቦሌ ይኸውልዎ። ደብዳቤው የታለ?»

ወለሉን አየ። የጋቢዬን ቁራጭ በዱላው ጫፍ አነሳው።

«ይህ ውሃ ጋቢ ይበላል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ጋቢ የሚበላ ውሃ ወረቀት ይተዋል?»

ያስረዳሁት ሁሉ በሽማግሌው ላይ ተመልሶ ገመድ ሆነ።

«ማን ነው ፍታ ያለህ?» አላቸው ሽማግሌውን።

«እኔ ነኝ» ልል ስነሳ ጉልበቴን በእጃቸው ያዙኝ። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው፣ «ስልቻው የኔ ነው፣ ቦሌው የኔ ነው። የሰው እግር ሲቃጠል አይቼ ፈታሁት። ማንም አላለኝም» አሉ።

ረቡዕ ዳኛው መጣ። እኔ ምስክር ነኝ ብዬ ጮህኩ፤ እስረኛ ለእስረኛ አይመሰክርም ተባለ፤ ማኅተም ሰብረው ደብዳቤ አጥፍተዋል ተብሎ ተፈረደባቸው። ሽማግሌውን ከምሰሶው ፈትተው ሲወስዷቸው በደንቡ መሠረት ዕቃቸውን ተሸከሙ አሏቸው። ባዶውን ስልቻ መሬት ላይ ዘርግተው የቀረውን የቦሌ ብናኝ አራገፉ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው አጠፉት፣ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ወታደሮቹ እየጠበቋቸውም አልቸኮሉም። ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ እስር ቤት ተላኩ ሲባል ሰማሁ።

እኔን ለቀቁኝ። በቦታዬ የገባው ሠራተኛ ባትሪዎቹን አይቶ «እነዚህ ያረጁ ናቸው» አላቸው ለአለቆቹ፤ እኔ ስለው የነበረውን ከሱ አፍ ሲሰሙት እውነት ሆነ። እያነከስኩ ወደ ቡልቡላ ሄድኩ። ሠርጉ ያለ አባት ተደርጓል። ልጃቸው ውሃ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ስልቻው ውስጥ ምን ነበር?» አለችኝ።

ባላምባራሱ አልጠየቀኝም። ዳኛው አልጠየቀኝም። እሷ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አባቷ አልተመለሱም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ የቁርጭምጭሚቴ ጠባሳ በክረምት ያሳክከኛል። ገበያ ወርጄ ቦሌ የሚሸጥ ሳይ ከብት ሳይኖረኝ ቆሜ አያለሁ፤ ሻጮቹ ዕብድ ነው ይሉኛል መሰለኝ። ሰው ስለ እስሬ ሲጠይቀኝ ስለ ስልኩና ስለ መኳንንቱ መስማት ይፈልጋል። ያን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። እኔ የምመሰክረው ስላየሁት ነው። ስልቻው ሲገለበጥ አጠገቡ ነበርኩ። ቦሌ ብቻ ነበር።