አባባ ከድር የነገሩን የሮም አስተርጓሚ

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጆሃንስበርግ ይልቅ ሮምን አውቃት ነበር። የምንኖረው በጆሃንስበርግ ፎርድስበርግ ሰፈር፣ ከልብስ መደብሮቹ ጀርባ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ብቻችንን ከበር እንድንወጣ ስለማትፈቅድ የጆሃንስበርግን መንገዶች የማያቸው በአባቴ መኪና መስኮት ነበር። የሮምን ግን ከመሬት በታች ያሉትን ሳይቀር አውቃለሁ እል ነበር። ያስተማሩኝ የአባቴ አጎት አባባ ከድር ናቸው።

አባባ ከድር በወጣትነታቸው ከስልጤ ወጥተው ሃያ ምናምን ዓመት ሮም ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ አትክልተኛ ሆነው ኖሩ። ሲያረጁ፣ የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው፣ አባቴ ወደ እኛ አመጣቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ዕድሜ ልክ የአትክልት መቀስ ከመያዝ ብዛት ታጥፈው ቀርተው ነበር።

ያን ዓመት በሰኔ ብርድ መብራት የማይጠፋበት ምሽት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰዉ ሁሉ የመብራት ፈረቃውን «ሎድ ሼዲንግ» እያለ ሰዓቱን በቃሉ ይዞት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ድርግም ይላል። እናቴ ፋኖሱን ትለኩሳለች፤ አባባ ከድር ደግሞ ጎኑ በምስማር የተበሳሳ የቀለም በርሜል ውስጥ ከሰል ጨምረው ደጅ ላይ ያቀጣጥላሉ። እኔና ታናሽ እህቴ ሰሚራ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ፍሙ እስኪቀላ እንጠብቃለን። እንደ ቀላ እጃቸውን ያሞቁና ይጀምራሉ።

«ሮም የሄደ ሁሉ ከላይ ያለውን አይቶ ይመለሳል» ይሉን ነበር። «እኔ ግን አትክልተኛ ነኝ፤ ሥር ሥሩን ነው የማየው።»

ያኔ የነገሩን ሁሉ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደረጃውን ሲወርዱ ከሥሩ ሌላ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ አሁንም ሲወርዱ ከሁለቱም የሚያረጅ የሰው ቤት፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ላዳመጠ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ሲፈስ ይሰማዋል። ፊቱ የተሸራረፈ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ ሰው በአደባባይ ለመናገር የማይደፍረውን በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት ስለነበር፣ ገዢዎቹ ተናደው ድንጋዩን ወንዝ ሊጥሉት እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ሲያዩት ተራ ግንብ የሚመስል ግድግዳ አለ፤ ውስጡ ግን ጠላት ሲመጣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሚሸሹበት መተላለፊያ ነው። ሰሚራ መሸሻውን በጣም ትወደው ነበር። «የኛ ግቢስ አለው?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ ከውስጥ፣ «ልጆቹን አያስፈሩብኝ አባባ!» ትላለች።

እናቴ እንዲህ የምትለው ያለምክንያት አልነበረም። አባቴ ዛንድስፕሩት በሚባል የቆርቆሮ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር፣ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ፣ ዳቦና ዱቄት፣ ሳሙናና ሻማ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ያን ሰሞን በሌሎች ሰፈሮች የውጭ ሰዎች ሱቅ እየተሰበረ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣል። አባባ ከድር ሮምን እያወሩልን የእኔ አንድ ጆሮ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነበር። የአባቴ መኪና ሞተር ሲሰማ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው።

ከተረቶቹ ሁሉ ሰላም የሚነሳኝ አንዱ ነበር። ዓለም ከሚያውቀው ከዚያ ባለ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ዝቅ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የእኛ አገር መነኮሳት በኢየሩሳሌም በኩል፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመርከብ፣ ሮም ሲደርሱ የሚያርፉት እዚያ ነበር። አባባ ከድር በዕረፍት ቀናቸው፣ የሚያውቁት ዘበኛ እያስገባቸው፣ እዚያ የተቀበሩትን መነኮሳት የመቃብር ድንጋይ ያነቡ ነበር።

«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግዕዙንም እምብዛም አልሰማም» ይላሉ። «ፊደሉ ግን የራሴው ፊደል ነው። ከዚያ ሁሉ የፈረንጅ ጽሑፍ መሀል እሱን ሳየው ሰው በስሜ የጠራኝ ይመስለኝ ነበር።»

ከነዚያ መነኮሳት አንዱ፣ እንደ አባባ ከድር ወሬ፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የፈረንጁን ቋንቋ የለመደ አንድ ወጣት ያስተረጉምላቸዋል። ታላላቆቹ ቄሶች ሽማግሌውን አስቀርበው ስለ እምነታቸው ይጠይቋቸዋል፤ ሽማግሌውም ያመኑበትን ሳይፈሩ ይመልሳሉ። ወጣቱ ግን ፈራ። ውጭው ብርድ ነው፤ ይህ መልስ ካልጣማቸው ከመጠለያችን ያስወጡናል ብሎ ቃሉን መጀመሪያ አለሳለሰው፣ ኋላም ጭራሽ ገለበጠው። ሽማግሌው ቋንቋውን ባያውቁም የሰው ፊት ያነባሉ። «እኔ የማይዋጥ ነገር ስናገር እነዚህ ሰዎች ለምን ደስ ይላቸዋል?» አሉና አፋቸውን ዘጉ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ተነስቶ፣ «እስካሁን የሰማችሁት የእኔን ነው፤ የእሳቸውን ገና አልሰማችሁም» አለ።

አባባ ከድር እዚህ ሲደርሱ ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ።

«ከዚያስ? ተባረሩ?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ ይባላል? ተረት እኮ መጨረሻ አለው!»

«ድንጋዩ ላይ የለማ ልጄ። የሌለውን ከየት ላምጣ?»

ያኔ በጣም ያናድደኝ ነበር። የሚያባርሯቸው ከሆነ ወጣቱ ዝም ማለት ነበረበት፤ የሚምሯቸው ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መናገር ነበረበት። ሳያውቅ እንዴት ይናገራል?

አንድ አርብ ምሽት አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ማማ ኖምሳ የምትባል ደንበኛው ማክሰኞ ለልጅ ልጇ የዱቄት ወተት ገዝታ ነበር፤ ሕፃኑ ሲያስመልሰው ክሊኒክ ወስዳው፣ ነርሷ ጣሳውን ስታይ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሕፃኑ እዚያው ተኝቷል። የሰፈሩ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ስለ ሱቁ ሊወስኑ ነው። አባቴ የሰፈሩን ሰዎች ቋንቋ ዙሉን የሚያውቀው ሰላምታ ለመስጠትና ዋጋ ለመናገር ያህል ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ አቀላጥፌ ለምጄው ስለነበር፣ ላስተረጉምለት አብሬው እንድሄድ ፈለገ።

«ልጄን? እዚያ መሀል?» አለች እናቴ።

«ካልሄድኩ ሸሸ ይላሉ» አለ አባቴ። «ብቻዬን ከሄድኩ ደግሞ የሚሉኝን እንኳ አልሰማም።»

አባባ ከድር ኮታቸውን አንስተው፣ «እኔም አብሬያችሁ አለሁ» አሉ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ከኮንቴይነሩ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። የሰፈሩ ሊቀመንበር፣ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ መሀል ላይ ወንበር ይዘዋል። በስተጀርባ ወጣቶች ኮንቴይነሩን ተደግፈው ላሜራውን በዱላ ቀስ እያሉ ይመታሉ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኩ፤ የመለሰልኝ ጥቂት ሰው ነው።

ማማ ኖምሳ ጣሳውን ወደ ላይ አነሳች። ሌላ ጊዜ ስታገኘኝ ጉንጬን የምትቆነጥጠኝ ሴት ናት፤ ያን ቀን አላየችኝም። ሊቀመንበሩ፣ «ይህን የሸጠው አባትሽ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ አላመነታም። «እኔ ነኝ የሸጥኩላት። ቀኑን ሳላይ ነው የሸጥኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው በያቸው።»

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ሰው አየሁ፤ ዱላዎቹን አየሁ፤ አባቴ በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። ጥፋቱ የእሱ ነው ካልኳቸው ይገድሉታል ብዬ አሰብኩ። በዙሉ፣ «አባቴ ይህ ጣሳ ከእኛ ሱቅ የተገዛ አይደለም ይላል» አልኩ።

ሜዳው አጉረመረመ። ማማ ኖምሳ ጮኸች። «ውሸታም! በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ! ሕፃኑ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝም ነበር!» የላሜራው ምት ፈጠነ። አንድ ወጣት የሱቁን በር በእግሩ መታው።

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ምን አለች? አምኜ የለ? ለምንድነው የሚቆጡት?»

አባባ ከድር ጎንበስ ብለው ጆሮዬ አጠገብ መጡ። ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። «ሙኒራ፣ ያባትሽን ቃል ነው የሰጠሻቸው?»

አለቀስኩ።

«አልቆጣሽም» አሉ። «ግን ጊዜ የለንም ልጄ።»

ከየት ድፍረት እንዳገኘሁ ዛሬም አላውቅም። ከድፍረት ይልቅ ሌላ መሄጃ ማጣት ይመስለኛል። ወደ ሊቀመንበሩ ሁለት እርምጃ ሄጄ እንደ እብድ ጮኼ ተናገርኩ። «እሱ እንደዚያ አላለም! የተናገርኩት የራሴን ነው! አባቴ እኔ ሸጥኩላት፣ ቀኑን አላየሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ነው ያለው!»

ላሜራው ጸጥ አለ። ሊቀመንበሩ ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ አሥራ አንድ አልኳቸው። ከኋላ አንዱ፣ «ያው አምኗል፤ ሱቁን እንስበረው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተቀበሉት። አባቴ እኔን ወደ ኋላው ጎትቶ ከፊቴ ቆመ።

ማማ ኖምሳ ክቡን አቋርጣ መጣች። አባቴን ትመታዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ጣሳውን እጁ ላይ አስቀምጣው ነበር።

«ቀኑን እንዲያነበው ንገሪው» አለችኝ። «እኔ እንድሰማው፣ ጮክ ብሎ።»

ነገርኩት። አባቴ ጣሳውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አነበበ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ፣ «ሱቁን መስበር ልጄን አያድንልኝም» አለችና ወደ ክሊኒኩ መንገድ ሄደች።

ሊቀመንበሩ ተነስተው የኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሙ። ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ፣ ጊዜው ያለፈበት እንዲቃጠል፣ ሕፃኑ ከክሊኒክ እስኪወጣ ሱቁ እንዲዘጋ ተወሰነ። ወጣቶቹ አልወደዱትም፤ ግን ሽማግሌውን አልፎ በሩን የነካ አልነበረም። ዘጠኝ ጣሳ ተገኘ። እስኪቃጠል ቆመን አየን።

ስንመለስ አባቴ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ መኪናውን አቆመ። እንደሚቀጣኝ ጠብቄ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለኝ ሳያየኝ። «የእኔን ነገር ባንቺ አፍ ማስያዝ አልነበረብኝም።»

ከዚያ በፊት አባቴ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ከክሊኒክ ወጣ። ሱቁም ተከፈተ፤ ማማ ኖምሳ ግን ዳግመኛ ከእኛ አልገዛችም። አባቴ መንገድ ላይ ሲያገኛት ኮፍያውን ያወልቅላት ነበር፤ አንዳንዴ ትመልሳለች፣ አንዳንዴ አትመልስም።

አባባ ከድር ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ጆሃንስበርግ ሞቱ። ካደግኩ በኋላ የነገሩንን አንድ በአንድ ፈለግኩ። የተደራረበውን ቤተ ክርስቲያን፣ ወረቀት የሚለጠፍበትን ሐውልት፣ ግንቡ ውስጥ ያለውን መሸሻ፣ የመነኮሳቱንም ማረፊያ መጻሕፍት ላይ አገኘኋቸው። ያን አስተርጓሚ ግን የትም አላገኘሁትም። የሰሙት ይሁን፣ ራሳቸው የፈጠሩት ይሁን፣ ወይም የገዛ ወጣትነታቸው ይሁን፣ ሳልጠይቃቸው ሄዱ። ከዚያ ሜዳ በኋላ ግን ተረቱ መጨረሻ ማጣቱ አያናድደኝም። ወጣቱ የሚሆነውን ሳያውቅ የተናገረ ይመስለኛል፤ የሚያውቅ ቢሆን ሦስት ቀን ባልፈጀበት።

አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዙሉና እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። ቀን ከደንበኞቹ አንድ አንድ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ማታ ደግሞ የእኔን ደብተር ይገለብጣል። ዛሬ ሽምግሏል፤ ቋንቋው አሁንም የተሰባበረ ነው። ባለፈው ወር ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙን ሲጠይቀው ቃል ጠፍቶት ሲቸገር አይቼ ልናገርለት ከወንበሬ ተነሳሁ። እጁን አነሳ።

«ተይኝ» አለኝ። «እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ተቀመጥኩ። ሐኪሙም እኔም ቃሉን እስኪያገኝ ጠበቅነው።