ያልተለኩት ማንጎዎች

እሙሽ ዓረብ አገር፣ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት ዘጠኝ ዓመት ስታጥብ፣ ስትጠርግና ስትተኩስ ኖራለች። ከዚያ ቤት ከወጣች ወዲህ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፤ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። ዶራ በሚባለው ሰፈር ከጓደኛዋ ከአይዳ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ባገኘችው ሥራ ትውላለች።

ዘንድሮ ያገኘችው ሥራ ማንጎ መለካት ነው። የዛፍ ተመራማሪው ዶክተር ቶፊቅ፣ ባሕሩ ዳር ያሉት የማንጎ ዝርያዎች በፍሬያቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማወቅ ከየዛፉ በሣጥን ያስመጣሉ። እሷ ከየሣጥኑ ሃያ ሃያ አውጥታ ቁመትና ወርዱን ትለካለች፣ ትመዝናለች። ጥናቱ ሲያልቅ አሠሪ ሆነው ፈርመው ኢቃማ ሊያወጡላት ቃል ገብተውላታል።

እሙሽ ሥራዋን ጥንቅቅ አድርጋ ያዘች። ልማድ ግን ክፉ ነው። ማዳሟ ፍራፍሬ በገዛች ቁጥር «ትልልቁ ለእንግዳ፣ ትንንሹ ላንቺ» ትላት ነበር። እሷም ዶክተሩን አከብር ብላ ትልልቁንና ያማረውን እየመረጠች ለካች፤ ኮሳሳውንና ጠባሳ ያለበትን እቤት ወስዳ ከአይዳ ጋር በላችው።

አንድ ቀን ዶክተሩ ቁጥሮቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሁሉም ዝርያ እኩል? ያኒ፣ ይኼ ማለት ዛፎቹ ተምታተውብናል። ኸላስ፣ ጥናቱን እዘጋዋለሁ።»

 እሙሽ ዝም ብትል ኢቃማው ቀረ፤ ብትናገርም ያባርሯት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ተናገረች።

«ዶክተር፣ ዛፎቹ ምንም አላጠፉም። ትንንሾቹን አልለካኋቸውም።»

«የት አሉ ታዲያ?»

«በላናቸው።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ተናደዋል፤ ሳቃቸውም መጥቷል። «ዛፉ ላይ ገና ፍሬ አለ፤ እንደገና አስመጣለሁ። አሁን ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ታወጫለሽ፣ ያላ!»

አዲሱ ሣጥን ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። መጀመሪያ የወጣችው እንቁላል የምታህል፣ ጠባሳ ያለባት ማንጎ ነበረች። በልማድ ወደ ጎን ልታደርጋት ስትል አፈረችና ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። ሥራው ሲያልቅ ዝርያዎቹ በግልጽ ተለያዩ፤ ዶክተሩም ቃላቸውን ጠበቁ።

ኢቃማው በወጣላት ቀን ከሣጥኑ ትልቁን ማንጎ አንስተው ሰጧት። «ሜርሲ» ብላ ይዛው እቤት ገባች።

አይዳ ገና ስታየው፣ «እንግዳ ይመጣል እንዴ?» አለቻት።

«የለም፣ የራሳችን ነው» አለች እሙሽ፤ ይህን ስትል እንባዋ መጣ።